«ሎንግ»ን ከነጎረቤቶቹ ስማረው

እንግሊዝኛዬን ለማሻሻል ስነሳ አዳዲስ ቃላት መሰብሰቡን ለጊዜው ገታ አደረግኩት። በምትኩ በጣም ተራ የሆነ አንድ ቅጽል መርጬ እሱ ላይ ለመክረም ወሰንኩ። ቃሉ «ሎንግ» ነው። ረጅም ማለት እንደሆነ ማን የማያውቅ አለ? ግን ሳነብም ሆነ ስሰማ «ረጅም» ብዬ ስፈታው ስሜት የማይሰጥበት ቦታ ብዙ ነው። አንድ ሰው «አይ ዎንት ቢ ሎንግ» ብሎ ሲወጣ ስለ ቁመቱ እያወራ አይደለም። «አልቆይም» ማለቱ ነው።

ዘዴዬ ቀላል ነበር። አንድ ደብተር ለዚህ ቃል ብቻ ሰጠሁ። ቃሉ ያለበት ዓረፍተ ነገር ባገኘሁ ቁጥር ሙሉውን እገለብጣለሁ። ትርጉም አልጽፍበትም። ከፊቱና ከኋላው ባሉት ቃላት ሥር ግን አሰምራለሁ። ደብተሩ እየሞላ ሲሄድ ዓረፍተ ነገሮቹ ራሳቸው በየቡድናቸው መለየት ጀመሩ። የሰዋስው መጽሐፍ የከፈትኩት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል አጥብቄ እመክራለሁ። ምሳሌው አስቀድሞ በእጃችሁ ካለ ሕጉ ስለምን እንደሚያወራ ወዲያው ይገባችኋል።

የመጀመሪያው ቡድን አላስቸገረኝም። ከስም በፊት «ኤ ሎንግ ሮድ»፣ ከ«ኢዝ» በኋላ «ዘ ሮድ ኢዝ ሎንግ»። እኛም «ረጅም መንገድ» እና «መንገዱ ረጅም ነው» እንላለን፤ ስለዚህ አልፌው ሄድኩ። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው አነባበቡ ነው። «ሎንግ» ብቻውን ሲሆን መጨረሻው ላይ ያለው «ግ» ጥርት ብሎ አይወጣም፤ ድምፁ አፍንጫ ውስጥ ይቀራል። «ሎንገር» እና «ሎንገስት» ሲሆን ግን «ገ» በደንብ ይሰማል።

ከዚያ ሰው መጣ። በአማርኛ ሰውም ረጅም ነው፣ ዛፍም ረጅም ነው፣ ገመድም ረጅም ነው። እንግሊዝኛ ይለያቸዋል። ቆሞ ሽቅብ የሚለካው ሰው፣ ዛፍና ሕንፃ «ቶል» ነው። ጉዳዩን የፈታልኝ አንድ አጭር ሐረግ ነው፦ «ኤ ቶል ማን ዊዝ ሎንግ ሌግስ»። ሰውየው «ቶል»፣ እግሮቹ «ሎንግ»። ሙሉ አካሉ በቁመት ሲታይ አንደኛው ቃል፣ እጁ፣ እግሩ፣ አንገቱ ወይም ጸጉሩ ለብቻው ሲጠቀስ ሁለተኛው ይገባል። ይህን አንድ ሐረግ ስትይዙ የተለየ ሕግ መሸምደድ አያስፈልጋችሁም።

ልኬት ሲመጣ ቁጥሩ ይቀድማል፣ ቅጽሉ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፦ «ዘ ሮፕ ኢዝ ቴን ሚተርስ ሎንግ»። ይኸው ሐረግ ከስሙ በፊት ሲገባ ግን የብዙ ቁጥር ምልክቱ «ስ» ይወድቃል፦ «ኤ ቴን ሚተር ሎንግ ሮፕ»። በጽሑፍ ላይ ሦስቱ ቃላት በሰረዝ ይያያዛሉ። ለሰዓትም ያው ነው። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ስብሰባ «ቱ አወርስ ሎንግ» ነው። «ሃው ሎንግ» የሚለው ጥያቄም እንዲሁ ለርዝመትም ለቆይታም ያገለግላል። የትኛው እንደሆነ የሚነግራችሁ ተከትሎት የሚመጣው ቃል ነው። ስለ ገመድ ከሆነ ርዝመት፣ «ዊል ዩ ስቴይ» ካለ ቆይታ።

ብዙ ገጽ የፈጀብኝ ጊዜን የሚመለከተው ቡድን ነው፤ ከሁሉም በላይ የወደድኩትም እሱን ነው። የገለበጥኳቸውን ዓረፍተ ነገሮች በአዎንታና በአሉታ ለይቼ ሳስቀምጣቸው ሥርዓቱ ወለል ብሎ ታየኝ። በአዎንታ አብዛኛውን ጊዜ «ኤ ሎንግ ታይም» ይባላል፦ «ኢት ቱክ ኤ ሎንግ ታይም»። በአሉታና በጥያቄ «ሎንግ» ብቻውን ይበቃል፦ «ኢት ዲድንት ቴክ ሎንግ»፣ «ዲድ ኢት ቴክ ሎንግ?»። «ቱ» (ከመጠን በላይ)፣ «ሶ» (በጣም) ወይም «ኢናፍ» (በቂ) ከተጨመረበት ደግሞ በአዎንታም ብቻውን ይቆማል፦ «ዩ ሃቭ ዌይትድ ሎንግ ኢናፍ»፣ በቂ ጊዜ ጠብቃችኋል እንደማለት።

አሁን እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን አድርጉና እዩልኝ። «ሺ ዲድንት ስፒክ ፎር ሎንግ»። «ሺ ዲድንት ስፒክ ፎር ኤ ሎንግ ታይም»። ሲታዩ መንታ ይመስላሉ። የመጀመሪያዋ ሴት ተናግራለች፤ ንግግሯ ግን አጭር ነበር። ሁለተኛዋ ግን ለረጅም ጊዜ ዝም ብላለች። ልዩነቱ አሉታው የሚነካው ነገር ላይ ነው። በመጀመሪያው የተካደው ቆይታው ነው፣ በሁለተኛው ንግግሩ ራሱ። አንዲት ትንሽ «ኤ» እና «ታይም» ወሬውን ገለበጡት። ይህን ጥንድ ለብዙ ቀናት ጮክ ብዬ አነበብኩት። ከዚያ በራሴ ነገር ተካሁት፦ ያልተኛሁበትን ሌሊት፣ ያልሠራሁበትን ወር። አንድ ቃል የሚዋሐደኝ ስለ ራሴ እውነት የሆነ ነገር ስናገርበት እንደሆነ የተረዳሁት ያኔ ነው።

ከዚህ በኋላ ሌሎች ቃላትም ፈር ያዙልኝ። ርቀት ላይ በአዎንታ «ኢትስ ኤ ሎንግ ዌይ»፣ በአሉታና በጥያቄ «ኢት ኢዝንት ፋር»፣ «ኢዝ ኢት ፋር?»። ሁለቱም «ብዙ» ማለት የሆኑት «ኤ ሎት ኦፍ» እና «መች»ም በአብዛኛው በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ፤ የመጀመሪያው በአዎንታ፣ ሁለተኛው በአሉታና በጥያቄ። አንዱን ቃል እስከ ሥሩ መቆፈር ጊዜ ይበላል፤ ግን የሌሎቹንም በር ስለሚከፍት ጊዜው አልባከነም እላለሁ።

«አዝ ሎንግ አዝ» ብዙ ተማሪ ያስፈራል። እኛ ግን ቁልፉ በእጃችን አለ። «እስካለህ ድረስ» ስንል ጊዜም ሊሆን ይችላል፣ ሁኔታም ሊሆን ይችላል። «ዩ ካን ስቴይ አዝ ሎንግ አዝ ዩ አር ኳየት» ማለት «ዝም እስካልክ ድረስ መቆየት ትችላለህ» ነው፤ ቁርጥ የእኛው አባባል። ማነጻጸርም ሊሆን ይችላል፤ «አዝ ሎንግ አዝ ማይ አርም» ከተባለ የክንዴን ያህል ይረዝማል ማለት ነው።

«ኖ ሎንገር» ላይ የሚጠየቀው ቦታው ብቻ ነው። ከተራ ግሥ ይቀድማል፦ «ሺ ኖ ሎንገር ሊቭስ ሂር»፣ አሁን እዚህ አትኖርም። «ኢዝ» ካለ ግን ይከተለዋል፦ «ሂ ኢዝ ኖ ሎንገር ኤ ስቱደንት»። አሉታው በግሡ ላይ ሲሆን «ኤኒ ሎንገር» ይሆንና መጨረሻ ላይ ይቀመጣል።

ደብተሩ መሃል ላይ ለብቻው የቀረ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ሺ ሎንግስ ፎር ሆም»። የትኛውም ቡድን ውስጥ አልገባም አለኝ። ምክንያቱም እዚህ ላይ ቅጽል አይደለም፤ ግሥ ነው። ቤቷ ናፍቋታል። የሚያሳብቀው መጨረሻው ላይ ያለው «ስ» እና ከኋላው የመጣው «ፎር» ነው። «ፎር ሎንግ» ቆይታ ነው፣ «ሎንግ ፎር» ናፍቆት ነው። ለጆሮ ቅርብ ናቸው፤ ስለዚህ አንዱን ስትሰሙ «ፎር» ከየት በኩል እንደመጣ አድምጡ።

አሁን በዚሁ ዘዴ «ሾርት»ን ጀምሬያለሁ። የ«ሎንግ» ግልባጭ ብቻ ይሆናል ብሎ መነሳት አያዋጣም። «ሾርት» ለአጭር ሰውም ለአጭር ገመድም ይሆናል፤ የ«ቶል»ንም የ«ሎንግ»ንም ተቃራኒ ብቻውን ይሸፍናል። «ሾርት ኦፍ መኒ» ሲባል ደግሞ ርዝመት የሚባል ነገር ጭራሽ የለም። ገንዘብ አጥሯቸዋል ማለት ነው፤ በአማርኛም «አጠረኝ» እንደምንለው።