ጎማ ከመግዛቴ በፊት ጎኑን እንዴት እንደማነበው

አዳማ ላይ መኪና ለሚነዳ ሰው ጎማ ቀላል ነገር አይደለም፣ ሙቀቱ አለ፣ ፈጣን መንገዱ አለ፣ ጭነቱም አለ። ቪትዜን ጎማ ልቀይርላት ስል ሱቅ ከመሄዴ በፊት የሹፌሩን በር ከፍቼ እዛ የተለጠፈችውን ወረቀት ፎቶ አነሳሁ። 175/65 አር 14 ትላለች፣ ንፋሱ ደግሞ 220 ኪሎ ፓስካል፣ ወደ 32 ፒ ኤስ አይ ማለት ነው። ከዛ ስኮርታዋን (ትርፍ ጎማዋን) አውጥቼ ጎኗን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ አነበብኩ።

175 ስፋቱ ነው በሚሊ ሜትር። 65 ግን ፐርሰንት ነው፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱን 65 ፐርሰንት ያህላል። አር ራዲያል የሚባለው የጎማ አሠራር ነው፣ 14 የቸርኬው ኢንች። ቀጥሎ ያለው 82 ቲ ነው ሰው ዘሎት የሚያልፈው፣ 82 ማለት አንዱ ጎማ እስከ 475 ኪሎ ይችላል፣ ቲ ደግሞ በሰዓት እስከ 190 ኪሎ ሜትር። ሚኒባስ የሚነዳ ጎረቤቴ ጎማ ላይ ደግሞ 195 አር 15 ሲ 106/104 ይላል፣ ሲ የሥራ መኪና ጎማ ማለት ነው፣ 106 ነጠላ ሲገጠም 950 ኪሎ፣ 104 ጥንድ ሲሆን እያንዳንዱ 900 ኪሎ። እና ቸርኬው ላይ ገባ ተብሎ የቤት መኪና ጎማ ሚኒባስ ላይ መግጠም በሰው ነፍስ መጫወት ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ቀኑን እዩ በጣም። ዲ ኦ ቲ ከሚለው መጨረሻ ላይ አራት ቁጥር አለች፣ ሁለቱ ሳምንት ሁለቱ ዓመት። አንድ ሱቅ 1215 የሚል አውጥተው “የ15 ነው፣ አዲስ ነው” አሉኝ። ዓመቱ እኮ በፈረንጅ ነው! የ2015 አስራ ሁለተኛ ሳምንት ማለት በኛ መጋቢት 2007 ነው፣ ስምንት ዓመት ልዩነት አለው። ሰውየው ሊዋሸኝ የፈለገ አይመስለኝም፣ ጎማውም ጥርሱ ሙሉ ነው ያብረቀርቃል፣ ግን ላስቲክ ተቀምጦም ያረጃል በሙቀት ደግሞ ይብሳል፣ ብዙ አምራቾችም 10 ዓመት ካለፈው ጥርስ ቢኖረውም ቀይሩት ነው የሚሉት። ይቺ ቁጥር ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ነው ያለችው፣ ካጣችኋት አገላብጡት፣ የለም ብላችሁ እንዳታልፉ።

ንፋስ ላይም ጎሚስታው ጎኑ ላይ 44 ይላል ብሎ እዛ ድረስ ሊነፋ ነበር፣ ያ እኮ ጣሪያው ነው፣ የሚነፋው በሩ ላይ ያለው ነው፣ እሱም ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ተለክቶ። ቀትር ላይ ከሞጆ ነድታችሁ ገብታችሁ ከፍ ብሎ ብታገኙት አታስተንፍሱት።

ቲ ደብሊው አይ የሚለው ምልክት ትይዩ ጥርሱ መሃል ያለችው ጉብታ ከጥርሱ እኩል ከሆነች 1.6 ሚሊ ሜትር ነው የቀረው፣ ጎማው አልቋል። ቀስት ያለበት ከሆነ ደግሞ መኪናው ከክሪኩ ሳይወርድ ቀስቱ ወደ ፊት መዞሪያው መሆኑን እዩ፣ ከወረደ በኋላ ጎሚስታ እንደገና ማስፈታት ከባድ ነው።