«ሞዴልህ ተሳስቷል» ከመባላችሁ በፊት

የሂሳብ ሰው ነኝ። ለዶክትሬት ጀርመን ስመጣ የተሰጠኝ ርዕስ ሰውነት የሳንባ ፈንገስን እንዴት እንደሚዋጋ በሂሳብ ማሳየት ነበር። እናቴ በስልክ «እግር ላይ የሚወጣው ነው?» ብላ ሳቀች። ይህን የምጽፈው ከሂሳብ ወይም ከኮምፒውተር ሳይንስ ወደዚህ ዘርፍ ለምትገቡ ነው። ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ የሚባል ሻጋታ አለ። ስፖሩ፣ ማለትም እንደ ዘር የሚበተነው ቅንጣት፣ ከ2 እስከ 3 ማይክሮሜትር ስለሆነ ከአየር ጋር እስከ ሳንባ ጥግ ይገባል። ሁላችንም በየቀኑ በመቶዎች ብንስበውም አብዛኞቻችን አንታመምም። ሳንባ ውስጥ የሚዞሩት ማክሮፌጆች የሚባሉ የመከላከያ ሴሎች ይውጡታል። ያመለጠው ስፖር በሰዓታት ውስጥ አብጦ ክር ያወጣል። ክሩ ሲረዝም መዋጥ አይቻልም፤ ያኔ ኒውትሮፊሎች የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች መጥተው ከውጭ ያጠቁታል። በኬሞቴራፒ ኒውትሮፊሉ የወረደበት ሰው ላይ ግን ክሩ የደም ስር እስከ መብሳት ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው የፈንገሶች ዝርዝር እጅግ አሳሳቢ ካላቸው አራቱ አንዱ ይህ ነው።

ሞዴሉን መጻፍ ቀላል ነው። ስፖር፣ ክር፣ ማክሮፌጅ፣ ኒውትሮፊል፤ ለእያንዳንዳቸው ብዛታቸው በጊዜ እንዴት እንደሚለወጥ የሚገልጽ አንድ ዲፈረንሻል እኩልታ። ፓይተን ላይ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ስለሱ ብዙ አልልም።

ጉዱ የመጣው መረጃው ሲመጣ ነው። መረጃው የሌላ ተቋም ስለነበር መጀመሪያ የስምምነት ፎርም ተሞላ። ፎርሙ አንድ ቢሮ ሄዶ ተኛ። ስጠይቅ «በሂደት ላይ ነው»፤ ደግሜ ስጠይቅ ጆሮ ዳባ ልበስ። በመጨረሻ የተላከልኝ አንድ የኤክሴል ፋይል ነው። በፈንገሱ የተያዙ አይጦች ሳንባ ተፈጭቶ ፔትሪ ዲሽ (ፈንገስ የሚበቅልበት ዝርግ ሳህን) ላይ ተቀብቶ ስንት ቅኝ (ኮሎኒ፣ የበቀለ የፈንገስ ክብ) እንደበቀለ የሚያሳይ ቁጥር፣ ከጎኑ ሰዓት። ሌላ ምንም የለም።

ኒውትሮፊላቸው በመድኃኒት የወረደባቸው አይጦች እየሞቱ ነው። የቅኝ ቁጥሩ ግን እየቀነሰ ነው! የእኔ ሞዴል ፈንገሱ ይጨምራል ይላል። መረጃውን የላኩት ሰዎች ስብሰባ ላይ ያሉት አንድ ነገር ነው፤ «መረጃው መረጃ ነው፣ ሞዴልህ ተሳስቷል።» ማክሮፌጆቹን አጠንክር ተባልኩ። አጠነከርኩ። ግራፉ ቁጭ ብሎ ገጠመ። ችግሩ፣ በዚያ ፍጥነት የሚውጡ ማክሮፌጆች ያሉትን አይጥ ፈንገስ አይገድለውም። ይህንንም ተናገርኩ፤ የሰማኝ የለም። አንጀቴ አረረ።

መልሱን ያገኘሁት ከፕሮፌሰሮቹ ሳይሆን እኛው ሕንጻ ውስጥ ለዓመታት ቅኝ ስትቆጥር ከኖረች የላብ ባለሙያ ነው። ዲሹን ወደ መብራት ዘንበል አድርጋ አሳየችኝ። ጠርዛቸው ነጭ፣ መሃላቸው ግራጫ የመሰለ አረንጓዴ ክቦች። በእስክሪብቶዋ ጫፍ አንዱን ነካች። «ይሄ ከአንድ ስፖር የበቀለ ሊሆን ይችላል። እንደ ተቋጠረ ፀጉር ከተጠላለፈ ትልቅ የክር ጉብታም ሊሆን ይችላል። እኔ ሁለቱንም አንድ ብዬ ነው የምቆጥረው።» ሳንባውን አጥብቀህ ስትፈጭ ደግሞ ክሩ ይበጣጠስና ብዙው ይሞታል። ስለዚህ ስፖሩ ወደ ክር በተለወጠ ቁጥር ሳንባ ውስጥ ያለው ፈንገስ እያደገ የዲሹ ቁጥር ግን ሊወርድ ይችላል። ይህ በሻጋታ ሰዎች ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም። ፋይሉ ላይ ግን አንድ መስመር ማስታወሻ አልነበረም።

ከዚያ ያደረግሁት ቀላል ነው። የፈንገሱን ብዛትና ዲሹ ላይ የሚታየውን ቁጥር ለየኋቸው። በመሃላቸው አንድ እኩልታ ገባ፤ ስፖር አንድ ይቆጠራል፣ የክር ጉብታም አንድ ይቆጠራል፣ ከመፈጨት የሚተርፈውም የራሱ ድርሻ አለው። ማክሮፌጆቹ ወደ ጤነኛ ፍጥነታቸው ተመለሱ። አይጦቹም ሞዴሉ ውስጥ መሞት በሚገባቸው ሰዓት ሞቱ። በዚህ እስካሁን እኮራለሁ።

የሚሰጡ ምክሮች ብዙ ናቸው፤ ከብዙዎቹ ጋር አልስማማም። «ፓራሜትሮችን ከታተሙ ጽሑፎች ሰብስብ» ይባላል። አትሰብስቡ፣ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ። አንዱ ቁጥር ከዲሽ፣ አንዱ ከአይጥ፣ አንዱ ከሰው ሴል ነው፤ ሰንጠረዥ ላይ ሲሰለፉ ዘመድ ይመስላሉ። «ሞዴሉ ላይ ብረት ጨምርበት» የሚልም አይጠፋም። እውነት ነው፣ ፈንገሱ ያለ ብረት አያድግም። ሰውነት ብረቱን በትራንስፈሪን፣ ብረት በሚይዝ የደም ፕሮቲን፣ ይደብቃል፤ ፈንገሱም ሲደሮፎር የሚባል ብረት የሚለቅም ሞለኪውል ለቆ ይሰርቃል። ግን ፈንገሱን በትክክል መቁጠር ሳትችሉ ብረቱን ምን ልታደርጉት?

ፈንገሱና ሴሉ ሳንባ ውስጥ የት እንዳሉ የሚለውን ለሚንቁ ደግሞ፣ የሰው ሳንባ ወደ 480 ሚሊዮን የአየር ከረጢቶች አሉት። በ2014 በጀርመኗ የና ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች የከረጢቱን ሞዴል ኮምፒውተር ላይ ሠርተው፣ ማክሮፌጅ በዘፈቀደ እየዞረ ስፖሩን በጊዜ እንደማያገኘው፣ የሚጠራው ኬሚካላዊ ምልክት እንደሚያስፈልገው አሳይተዋል። የእኔ እኩልታዎች ይህን አያዩም፤ ሁሉንም በአንድ ድስት ነው የሚያማስሉት። ለመጀመሪያ ሞዴል ግን አሁንም እኩልታ ይሻላል ባይ ነኝ። ስህተቱ የት እንዳለ ቶሎ ይታያል።

ፋይል ሲላክላችሁ ለላኪው አትጻፉ። ማን እንደቆጠረው ጠይቁና ለቆጣሪው ደውሉ። የፒሲአር (የፈንገሱን ዲኤንኤ የሚለካ) ወይም የጋላክቶማናን (ፈንገሱ ከግድግዳው የሚለቀው ስኳር) ልኬት ካለ እሱን ለምኑ፤ የክሩን እድገት ከዲሹ በተሻለ ያሳያሉ። ያው ተቋም የአይጦቹ የፒሲአር ውጤት አለው። ለምን አብሮ እንዳልተላከ ጠየቅሁ። ለእሱ ሌላ ፎርም ያስፈልጋል አሉኝ። ሞልቼ ልኬያለሁ። በሂደት ላይ ነው።