ለወንድሜ ፒካፕ የሳህን ማሰሪያ ስንመርጥ

ታናሽ ወንድሜ አሜሪካ ከገባ ጀምሮ የሚነዳው የሰው መኪና ነበር። ዘንድሮ የራሱን ፒካፕ ገዝቶ፣ ኢንዲያና ውስጥ ኤልክሃርት ከምትባል ከተማ አዳዲስ ተጎታች ቤቶችን እየሳበ ለሻጮች ማድረስ አማረው። እዚያ አገር ሰው ለሽርሽር የሚጎትታቸው ቤቶች አብዛኞቹ የሚሠሩት በዚያች ከተማና በአካባቢዋ ነው። ትልልቆቹ መኪናው ኋላ ላይ ባለ መንጠቆ አይጎተቱም። አፍንጫቸው ከካሶኒው በላይ ወጥቶ ሳህን ላይ ይቀመጣል፤ ልክ እዚህ ድሬዳዋ ከጅቡቲ የሚመጡት ተሳቢዎች እንደሚቀመጡት። ከተሳቢው ሆድ የሚወርድ ኪንግ ፒን የሚባል ወፍራም ብረት አለ፣ የሚቀበለው ሳህን አለ፣ የሚጨብጠው መንጋጋ አለ። የፒኑ ውፍረት ሳይቀር ያው 2 ኢንች ነው።

እናም ደወለልኝ። «አቦ፣ አንተ ዕድሜህን ከሳህን ጋር ነው የጨረስከው፤ የቱን ልግዛ?» አለኝ። ከእሱ ቀጥሎ ሌሎች የድሬ ልጆችም ከዚያው እየደወሉ ይህንኑ ጠየቁኝ። ለእያንዳንዱ በድምፅ መልእክት ከማስረዳ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

ሁሉም የሚጠይቁኝ ስለ ሳህኑ ነው፦ የማን ሥሪት ይሻላል፣ ስንት ይችላል፣ መንጋጋው እንዴት ይቆለፋል። እኔ መልሼ የምጠይቃቸው ከምን ጋር እንደሚታሰር ነው። ሳቢያን ያለው ጋራዣችን ውስጥ ራሱ ሳህኑ ለሁለት ተሰንጥቆ የመጣ መኪና አላስታውስም። ማሰሪያው የላላ፣ ብራኬቱ የተሰነጠቀ፣ ቡሎኑ የተቆረጠ ግን ዘወትር ይመጣል።

አንዱን ላሳያችሁ። የሳህኑን መቀመጫ አንድ ሰው ከሻንሲው፣ ማለትም ከመኪናው የብረት አጽም፣ የላይኛ ከንፈር ጋር በብየዳ አጣብቆለት የመጣ መኪና ነበር። ከላይ ሲያዩት ያምራል፤ ብየዳው ወፍራም፣ ቀለሙ አዲስ። ጭቃውን በብሩሽ አንስቼ ባትሪ ሳበራበት ከብየዳው ጫፍ የጀመረ፣ ጥፍር የማይገባበት ቀጭን ስንጥቅ ወደ ሻንሲው ጎን ወርዷል። የሻንሲ ብረት በፋብሪካ የጠነከረ ነው፤ ብየዳ ሲያርፍበት በዙሪያው ያለው ጥንካሬውን ያጣል፣ ከዚያ በኋላ መንገዱ ሥራውን ይሠራል። ስለዚህ ሳህን የሚታሰረው በሻንሲው ጎን በኩል፣ በቡሎን ነው። እዚያው መኪና ላይ ወደኋላ ያሉት ቡሎኖች ዙሪያ ደግሞ ቀይ ዱቄት ነበር። ይህን ዱቄት እወቁት። ቡሎን ሲላላ ሁለቱ ብረቶች ይፋተጋሉ፣ ዝገቱ ይፈጭና እንደ በርበሬ ዙሪያውን ይቀመጣል። ቀይ ዱቄት ያለበት ቡሎን ዳዶው ጠበቅ ያለ ቢመስልም ሲንቀሳቀስ ከርሟል።

አባታችን የምድር ባቡር አቴሊዬ ሠራተኛ ነበር። ሐዲዱ ከጅቡቲ ድሬዳዋ የገባው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ ከተማችንም በእሱ ዙሪያ ያደገች ናት፤ የብረት ሙያ እዚህ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርደውም ለዚህ ነው። አባባ ቡሎንን በመዶሻ መታ አድርጎ ያዳምጠው ነበር። የጠበቀው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የላላው ድምፁ የታፈነ ነው። ወንድሜም ይህን ያውቃል፤ ልጅ ሆነን መዶሻውን የምናቀብለው እኛ ነበርን።

ተሳቢ የሚጎትተው የከባድ መኪና ጭንቅላት ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ሳህን ሊሸከም የተሠራ ነው፤ ፒካፕ ግን እንደዚያ አይደለም። የካሶኒው ወለል ቀጭን ላሜራ ነው፤ ከላዩ የጫኑበትን ይችላል እንጂ ስበት አይችልም። ከደንገጎ ዳገት በታች የሠራ ሰው ይገባዋል፦ ሽቅብ ሲወጣ ተሳቢው ሳህኑን ወደኋላ ይጎትተዋል፣ ቁልቁል ሲወርድ ወደፊት ይገፋዋል፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ይገጨዋል። ያ ሁሉ የሚያርፈው ቡሎኑ ላይ ነው። ቡሎኑ ደግሞ ላሜራውን አልፎ ሻንሲውን ካልያዘ የያዘው ነገር የለም። ፒካፕ ላይ የማሰሪያ ምርጫ ማለት እንግዲህ ከሳህኑ ወደ ሻንሲው በየት በኩል እንወርዳለን ማለት ነው።

የቆየው መንገድ ሐዲድ ነው። ካሶኒው ላይ ሁለት የብረት ሐዲዶች አግድም ይቀመጣሉ፣ ቡሎኖቹ ወለሉን በስተው ከሥር ሻንሲውን ካቀፉ ብራኬቶች ጋር ይገናኛሉ። ሳህኑ በፒን ሐዲዱ ላይ ይሰካል፣ ሲያስፈልግም ይነሳል። እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ፦ ለመኪናው ሞዴል ተለይቶ የተሠራውን ብራኬት ግዙ። እሱ ሻንሲው ላይ ፋብሪካው በበሳቸው ቀዳዳዎች ይገባል። ለሁሉም ይሆናል ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ በትራፓኖ መብሳት ይጠይቃል፤ ከወለሉ ሥር ደግሞ የነዳጅ ታንከር፣ የፍሬን ቧንቧና የኤሌክትሪክ ገመድ አለ። ከላይ ሆኖ የሚበሳ ሰው አያያቸውም። የካሶኒው ወለል ሸንተረር ያለው ስለሆነ ሐዲዱና ላሜራው መካከል ክፍተት ይቀራል፤ ለዚያ የተሠራው የብረት መሙያ ካልገባ ቡሎኑ ሲጠብቅ ላሜራውን ይጨፈልቀዋል፣ ከዚያም ይላላል። ፎርድ ለሚገዛ ሌላም ነገር አለ፦ ኤፍ 150 ከ2015 ሞዴል፣ ሱፐር ዲዩቲ ደግሞ ከ2017 ሞዴል ጀምሮ ካሶኒያቸው አሉሚኒየም ነው። ብረትና አሉሚኒየም እርጥበትና የክረምት ጨው ባለበት ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ መካከላቸው መለያ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ከፋብሪካው የሚመጣው ነው። ከባድ ፒካፖች ሲታዘዙ ከወለሉ ሥር ሻንሲው ላይ የታሰረ ጠንካራ አግዳሚ ይገባላቸዋል፤ ወለሉ ላይ የሚታየው አራት ክብ ቀዳዳና መሃል ላይ ለጉዝኔክ ኳስ (ተሳቢ ለሚያያዝበት የብረት ኳስ) የሚሆን አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው። እዚያ ፓክ ይሉታል። የሳህኑ አራት እግሮች ቀዳዳዎቹ ውስጥ ገብተው ይቆለፋሉ፤ ሳህኑ ሲወጣ ካሶኒው ሜዳ ነው። እኔ ይህን አብልጬ እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ሻንሲውን የሠራው ሰው ራሱ ያሰበበት ነው። የአንዱ ፋብሪካ እግር ለሌላው ላይገጥም ስለሚችል ግን ሳህኑን በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ ቀድማችሁ አትግዙ።

ሦስተኛው መሃል ያለውን የጉዝኔክ ቀዳዳ ብቻ ተጠቅሞ የሚታሰር ነው። ከዚህ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን የሚያነሳው ቀላል የአሉሚኒየም ዓይነት አለ፤ መንጋጋ የለውም፣ ኳስ ነው ያለው። ለኳሱ ደግሞ ተሳቢው ኪንግ ፒን ላይ የሚገጠም መቀበያ ያስፈልጋል። አንድ የራሱን ቤት ብቻ ለሚጎትት ሰው ጥሩ ነው። ወንድሜ ግን ዛሬ የጎተተውን ነገ አያገኘውም፤ በየቀኑ የሌላ ሰው ተሳቢ ላይ መቀበያ ሲፈታና ሲገጥም መዋል አይችልም። መንጋጋ ያለው ሳህን ግድ ነው። ኪንግ ፒኑን በረጅም ቱቦ አስረዝሞ ወደ ወለሉ ኳስ የሚያወርድም አለ፤ እሱን አልወድም። ፒኑ በረዘመ ቁጥር የተሳቢውን ሻንሲ እንደ ዘንግ ሆኖ ይፈለቅቀዋል፣ ለአዲስ ተሳቢ ዋስትናም ጣጣ አለው።

ከዚያ ልኬቱ ይመጣል። ፒኑ የሚውለው ከኋላ አክስል በላይ ወይም ከእሱ ትንሽ ወደፊት ነው። ወደኋላ ካለፈ ፊት ጎማዎቹ ይቀላሉ፣ መሪውም አይታመንም። ችግሩ አጭር ካሶኒ ላይ ነው። እነዚህ ቤቶች ወርዳቸው 2.4 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ነው፤ መኪናው ሙሉ በሙሉ ሲታጠፍ ከፒኑ እስከ ተሳቢው ጎን 1.2 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። 2 ሜትር ርዝመት ያለው ካሶኒ ላይ ከአክስሉ እስከ ጋቢናው ያለው ብዙ ጊዜ ከዚያ ያንሳል። የተሳቢው ማዕዘን የጋቢናውን መስታወት ያገኘዋል ማለት ነው። ለዚህ ወደኋላ የሚንሸራተት ሳህን ተሠርቷል፤ አንዱን ወርደህ በእጅህ ትከፍተዋለህ፣ ሌላው ሲታጠፍ ራሱ ይሄዳል። አንዳንድ ተሳቢ ማዕዘኑ ተቆርጦ ስለሚሠራ ላይነካ ይችላል፤ ወንድሜ ግን የሚደርሰውን ተሳቢ አይመርጥም። ስለዚህ 2.4 ሜትር ካሶኒ ያለውን ፈልግ አልኩት።

ክብደቱንም አስቀድመን ሠራነው። ከተሳቢው ክብደት ከ15 እስከ 25 በመቶው ፒኑ ላይ ይወርዳል። 6,000 ኪሎ የሚመዝን ቤት ከ900 እስከ 1,500 ኪሎ ካሶኒው ላይ ይጭናል። የሹፌሩ በር ማዕዘን ላይ የተለጠፈው ወረቀት መኪናው ስንት እንደሚሸከም ይናገራል፤ ከዚያ ላይ ሹፌሩን፣ ዕቃውንና ሳህኑን ራሱን ትቀንሳለህ። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው የመጎተት አቅም ይህን አይነግርህም።

ሁለት ያገለገሉ ፒካፖች አገኘ። አንደኛው ረከስ ያለ፣ ሐዲዱም ሳህኑም ተገጥሞለት የሚሸጥ። ሻጩ «ዝግጁ ነው» ብሎታል። ከሥሩ ገብተህ በስልክህ መብራት እያንዳንዱን ቡሎን አንሳልኝ አልኩት። እዚያ ምሽት ሲሆን እዚህ ሊነጋ ነው፤ ፎቶዎቹን ያየሁት ፀሐይ ሳትበረታ፣ ጋራዡን ስከፍት ነው። የፊተኛው ሐዲድ ብራኬት አለው። የኋለኛው ግን ቡሎኖቹ ላሜራውን በስተው ሰፋፊ ሮንዴላ ላይ አልቀዋል፤ ሻንሲው ጋ የደረሰ የለም። ሮንዴላዎቹ ዙሪያ ላሜራው ወደ ላይ ተስቦ ጎብጧል፣ ያ ቀይ ዱቄትም አለ። «ወላሂ ከላይ አዲስ ነው የሚመስለው» አለ። ተወው አልኩት፤ ተወው።

ሁለተኛው ረጅም ካሶኒ ያለውና ከፋብሪካው ፓክ የገባለት ነበር። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ብራኬቱን፣ ሐዲዱንና የገጣሚውን እጅ ሲደምረው ግን ልዩነቱ ጠበበ። እሱን ገዛ። ሳህኑን ያስገጠመው ለዚያው ፋብሪካ በተሠሩ እግሮች ነው፤ ቁመቱንም የካሶኒው ጠርዝና የተሳቢው ሆድ መካከል 15 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲተርፍ አድርጎ አስተካከለው። ከዚያ ካነሰ አቀበት ላይ ሲታጠፍ ይገናኛሉ።

ያዘዝኩት ይህን ነው፦ የሳህኑን ቡሎኖች መመሪያው በሚለው ልክ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) አጥብቅ፣ ከቡሎኑ ራስ እስከ ብረቱ በነጭ ቀለም መስመር አስምር። መስመሩ ከተሰበረ ቡሎኑ ዞሯል። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ እንደገና ፈትሽ። ስትገጥም ደግሞ ባትሪ ይዘህ ውረድ፤ በሳህኑና በተሳቢው ሆድ መካከል ብርሃን ካለፈ ፒኑ መንጋጋው ላይ ተቀምጧል እንጂ አልተያዘም። መንጋጋው ሲዘጋ የተሳቢው መቆሚያ እግር መሬት እንደነካ፣ የተሳቢውን ፍሬን ይዘህ ቀስ ብለህ ወደፊት ሳበው።

አሁን የቀረው የቅባት ጉዳይ ነው። እዚያ ብዙዎች በግራሶ ፋንታ ኪንግ ፒኑ ላይ የሚገባ ክብ ፕላስቲክ ያደርጋሉ፤ ልብስ አያቆሽሽም፣ አቧራም አይዝም። ግን ውፍረት አለው፤ ተሳቢውን ከፍ ስለሚያደርገው አንዳንድ መንጋጋ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። የሳህኑ መመሪያ በግልጽ ካልፈቀደው ግራሶ ይሁን፣ አሮጌው በጨርቅ እየተጠረገ አዲስ ይቀባ አልኩት። መመሪያውን ዛሬ ማታ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል።