በአንድ ሩጫ ሦስት ፈረስ ስይዝ መደቤን እንዴት እንደማከፋፍል

እዚህ ለንደን ቤቲንግ ቤት የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፈረስ ይመርጥና ይጸልያል። እኔ ስምንት ፈረስ ከሚሮጥበት ሦስቱን እይዛለሁ። ዳቺንግ ይሉታል። ከሦስቱ ማንም አንደኛ ይግባ፣ የሚከፈለኝ እኩል ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ ስንት እንዲከፈለኝ እንደምፈልግ እወስናለሁ። ያንን ለየፈረሱ ኦድ (ፈረሱ ከገባ መደቤ የሚባዛበት ቁጥር) አካፍላለሁ። 60 ፓውንድ እንበል። ኦዳቸው 4፣ 6 እና 10 ከሆነ መደቤ 15፣ 10 እና 6 ይሆናል። ድምሩ 31 ነው። አንዱ ከገባ 29 በላሁ። (ስክሪኑ ላይ የሚታየው 3/1፣ 5/1፣ 9/1 ነው። አገር ቤት ወደለመድነው ኦድ ለመቀየር አካፍሎ 1 መደመር ነው።)

31ን ለ60 ስታካፍሉት 52 በመቶ ገደማ ይመጣል። ሦስቱ ተደምረው ከመቶው ሩጫ 52ቱን ካላሸነፉ፣ ቶሎ ቶሎ እየበላሁም እከስራለሁ ማለት ነው። ይሄን ቁጥር ሳላይ መደብ አላስይዝም።

ጣጣው አራተኛ ፈረስ ሲያምረኝ ነው። ፌቨሪቱ፣ ማለትም ያሸንፋል ተብሎ ከሁሉ በላይ የሚጠበቀው፣ 2/1 ነው እንበል፤ ኦዱ 3። እሱንም እኩል ልያዝ ካልኩ 20 ፓውንድ ይጨምራል። 51 አውጥቼ ትርፌ 9 ብቻ! የቀሩትንም፣ ሦስቱን 11/1 እና አንዱን 14/1፣ ልሸፍን ብል ደግሞ ሌላ 19 ፓውንድ እከፍላለሁ። አሁን ስምንቱም በእጄ ናቸው፣ ማንም ይግባ ይከፈለኛል። ግን 70 አውጥቼ 60 ነው የምቀበለው። ያቺ 10 ፓውንድ የቤቱ ድርሻ ናት።

ስለዚህ ጭንቅላቴን የምጨርሰው ማንን ልጣል በሚለው ላይ ነው። ሂሳቡን ስልኬ ይሠራዋል። ፌቨሪቱን የምጥለው ተጨባጭ ምክንያት ሳይ ነው። ለምሳሌ ደረቅ ሜዳ የሚወድ ፈረስ ሆኖ ሌሊቱን ዝናብ ሲያወርደው ካደረ። ምክንያት ከሌለኝ ሩጫውን አልፈዋለሁ።

መካከለኛ መንገድም አለ። ፌቨሪቱ ላይ 20 ሳይሆን 15.50 ፓውንድ አስይዛለሁ። እሱ ከገባ ያወጣሁት 46.50 ይመለሳል፣ አልተበላሁም። ከሦስቱ አንዱ ከገባ 13.50 አተርፋለሁ። ለኔ ከዚያች 9 ፓውንድ ይሄ ይሻላል።

ብዙ ሰው የማያስበው ነገር መደብ ከተያዘ በኋላ፣ ሩጫው ሳይጀመር ፈረስ ሲወጣ ነው። ሦስቱን ብቻ ይዤ ፌቨሪቱ በ2/1 ዋጋው ከወጣ፣ ሩል ፎር በሚባለው ደንብ ከየአንዱ ፓውንድ ትርፍ 30 ፔንስ ይቆረጣል። መደቡ አይነካም። እናም ያ እኩል የነበረው 60 ይበታተናል፦ በ3/1 የያዝኩት 46.50፣ በ5/1ዱ 45፣ በ9/1ዱ 43.80 ይከፍላል። አሁንም ትርፍ ነው፣ ግን በግማሽ ገደማ ወርዷል።

ግራንድ ናሽናል በሚባለው ትልቁ የፈረስ ሩጫ ላይ ይሄን አልሞክርም። 34 ፈረስ ነው የሚሮጠው፤ ፈረስ በበዛ ቁጥር የቤቱም ድርሻ ይወፍራል። ትንንሽ ሩጫዎች ይሻሉኛል። ትኬቱን ስሞላ ደግሞ ዋጋውን በእጄ እጽፍበታለሁ። ካልተጻፈ የሚከፈለው ሩጫው ሲነሳ ባለው ዋጋ ነው፤ ያኔ ያን ሁሉ ያካፈልኩትን ሂሳብ ውሃ በላው።