ልጄን «እርስዎ» ማስለመድ፦ የ4ኛ ወር ማስታወሻ

ልጄ 8 ዓመቷ ነው። የተወለደችው እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አማርኛ ትሰማለች፣ ትናገራለችም። እናቴ ከአዲስ አበባ የመጣች ሰሞን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። እናቴን ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌ በር ላይ ቆመው «ና ግባ» አለቻቸው። እሳቸው ስቀው ጉንጯን ሳሟት። ልጅቷ ምን ታድርግ? በእንግሊዝኛ ለመምህሯም ለጓደኛዋም ቃሉ አንድ ነው።

ስህተቴ ከተውላጠ ስሙ መጀመሬ ነበር። «እርስዎ በይ» እያልኩ ሁለት ሳምንት ጨቀጨቅኳት። ውጤቱ «እርስዎ፣ ና ብላ» ሆነ። ለካ አክብሮቱ ያለው ግሡ ላይ ነው! እኛስ ብንሆን በወሬ መሃል «እርስዎ» የምንለው ስንቴ ነው? «ይግቡ»፣ «ይቀመጡ»፣ «ቡና ይጠጣሉ?» ብለን እናልፋለን።

ስለዚህ ግሡን ያዝኩ። እንግዳ ሲመጣ በር የምትከፍተው እሷ ሆነች። በር ላይ «ይግቡ»፣ ገበታ ላይ «ይብሉ»። «በሞቴ»ን ደግሞ ከአያቷ ሰምታ ራሷ ጨመረችበት። ስትጠራም «እ?» ትል ነበር። «ለጓደኛሽ 'ወይ'፣ ለትልቅ ሰው 'አቤት'» አልኳት። በሦስት ቀን ለመደችው።

ከዚያ ያልጠበቅኩት ጥያቄ መጣ። ማታ ስንጸልይ «እግዚአብሔር ከትልልቅ ሰዎች ሁሉ አይበልጥም? ታዲያ ለምን አንተ እንለዋለን? እመቤታችንንስ ለምን አንቺ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። እናቴ ናት የደረሰችልኝ። «በጣም የቀረበሽን አንቱ አትይውም፣ ልጄ። እኔንም አንቺ በይኝ» አለቻት። ይሄኔ ነው ጥፋቴ የታየኝ። «አንቺ»ን እንደ ነውር አድርጌ እያስተማርኳት ነበር። እኔ ራሴ እናቴን አንቺ እያልኩ አይደል ያደግኩት? አሁን «ማንን አንቺ ትያለሽ?» ብዬም እጠይቃታለሁ።

የቀረን ስለሌለ ሰው ማውራቱ ነው። እንግዳው ፊት ለፊቷ ሲሆኑ ታከብራለች፤ ዞር ሲሉ ግን «መጣ፣ ሄደ» ነው። «መጡ በይ» ስላት «ስንት ሆነው?» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ የብዙ ቁጥሩና የአክብሮቱ ቅርጽ አንድ ነው። ይሄን እንዴት እንዳስለመዳችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ባለፈው እሑድ እኚያ ሽማግሌ ደወሉ። ስልኩን ያነሳችው እሷ ናት። ወደ ማጀት ዞራ «እማዬ! አባባ ደውለዋል!» አለች። ትንሽ አሰብ አደረገችና ጨመረች፦ «አንድ ሰው ናቸው!»