ያን ድንጋይ ማን ጫነው?

አማቼ በኪራይ ሞተርሆም፣ ውስጡ ቤት በሆነ መኪና፣ እንግሊዝን ሊያዞረን ማሰቡን ሲነግረኝ መጀመሪያ የጠየቅሁት ስንት ቶን እንደሆነ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት በአሰብ፣ በኋላም በጅቡቲ መስመር፣ ከነተሳቢው ነው። ቤቴ ኮምቦልቻ ነው፤ አብዛኛውን ሌሊቴን ያደርኩት ግን ጋቢና ውስጥ ነው።

«3.5 ቶን ነው አባባ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በእኔ መንጃ ፈቃድ አይነዳም» አለኝ። ሳቄን ዋጥኩት። መኪናው ልጄ ወደምትኖርበት ወደ ሊድስ መጥቶ በር ላይ ሲቆም ፊት ለፊቱን አየሁት፦ ፊያት! በወጣትነቴ የሐረጎን ዳገት በፊያት ኤን ትሬ የጭነት መኪና እያቃሰትኩ የወጣሁ ሰው፣ በስተርጅና ባሕር ተሻግሬ ፊያት ውስጥ ልተኛ ነው።

ውስጡ መኝታ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና መታጠቢያ አለው። ስድስት ሆነን ገባን፤ እኔና ባለቤቴ፣ ልጄና ባሏ፣ ሁለቱ የልጅ ልጆቼ። እዚያ አገር በግራ ስለሚነዳ መሪው በቀኝ ነው። እኔ በግራ ወንበር፣ መሪ መኖር ባለበት ቦታ ባዶ እጄን ተቀመጥኩ። ቁልቁለት በመጣ ቁጥር እግሬ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። አማቼ አይቶ እንዳላየ ያልፋል፤ የጎንደር ልጅ ነው፣ ጨዋ ነው። የመኪናውን ቁመት በወረቀት ጽፎ መስታወቱ ላይ ለጥፎታል፤ ዝቅ ያለ ድልድይ ሲመጣ ቀና ብሎ ያነባል። ይህን ሳይ ልቤ አረፈ። ቁመቱን የሚያውቅ ሾፌር ቤቱ ይገባል።

የተጣላነው በሌላ ነገር ነው። የመጸዳጃው ማጠራቀሚያ ሻንጣ የሚመስል ሣጥን ሆኖ ከውጭ በኩል ባለች ትንሽ በር ይወጣል፤ እጀታና ጎማ አለው። ጠዋት ጠዋት እየጎተቱ የምናድርበት የሞተርሆም ማቆሚያ ሰፈር ወዳዘጋጀው ማፍሰሻ ወስዶ መድፋት፣ ማለቅለቅና ሰማያዊውን መድኃኒት መጨመር ነው። እኔ ልውሰድ ስል አማቼ ደነገጠ። «የሚስቴ አባት ይህን ተሸክሞ ሰው ቢያየኝ!» አለ፣ የሚያየው ሰው ሁሉ እንግሊዛዊ መሆኑን ረስቶ። የማርሽ ሣጥን ዘይት ስንት ጊዜ በላዬ ላይ እንደፈሰሰ ብነግረውም አልሰማኝም። በማግስቱ እሱ ሳይነሳ ሠራሁት።

ዮርክ ላይ ካቴድራሉን አየን። ትልቅ ነው፤ ሰልፉም ትልቅ ነው።

ስቶንሄንጅ፣ በክብ የቆመው ጥንታዊ ድንጋይ፣ ግን ያዘኝ። ሌላው ጎብኚ ሁሉ «ለምን ሠሩት?» ይላል፤ ለፀሐይ ነው፣ ለመቃብር ነው ይባባላል። እኔን ያሳሰበኝ ጭነቱ ነው። ትልልቆቹ ድንጋዮች በአማካይ 25 ቶን ይመዝናሉ፤ የመጡትም 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚርቅ ጫካ እንደሆነ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሳይቷል። ትንንሾቹ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ከዌልስ ተራሮች የመጡ ናቸው። መካከል ላይ የተጋደመው 6 ቶን የሚሆነው ደግሞ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. እንደታወቀው፣ ከስኮትላንድ ሰሜናዊ ምሥራቅ ነው የመጣው፤ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ማለት ነው። ከኮምቦልቻ ተነስቶ ጅቡቲን አልፎ ባሕር መግባት ነው! ይህ ሁሉ የሆነው ከ4,500 ዓመት በፊት፣ ጎማ በዚያች ደሴት ሳይታወቅ ነው። ጉልበት ብቻ አይበቃም። ከፊት ሄዶ መንገዱን የሚያይ፣ የት እንደሚታደር የሚወስን፣ «እዚህ ጋ ገመዱን ያዝ» የሚል ሰው ነበረ። ስሙን ማንም አላስቀረልንም።

የልጅ ልጄ «እኛ አገር እንዲህ የጫነ አለ?» አለኝ። ቴዎድሮስ አለ አልኩት። ጋፋት ላይ ያስቀለጠውን ሴባስቶፖልን፣ ወደ 7 ቶን የሚጠጋውን መድፍ፣ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ሰው እየጎተተው፣ ድንጋይ እየተፈለጠ፣ መንገድ እየተጠረገ፣ ጅጣንና በሽሎን አሻገረው። የበሽሎን ገደል ያየ ሾፌር ይህን ሲሰማ ባርኔጣውን ያወልቃል። መድፉ ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ ነው።

ከመቅደላ የወረደው ጭነት ግን አልተመለሰም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ራሱን ሲሠዋ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘረፈ፤ ዘረፋውን 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች ጫኑት፣ ደላንታ ሜዳ ላይም በጨረታ ተሸጠ። ዛሬ በኦፓል የከበረ ድንጋይ ወደሚታወቀው ደላንታ፣ ወገል ጤና ድረስ ስንዴ ጭኜ ስወጣ ኖሬአለሁ፤ ሜዳውን ሳየው ጨረታው እንጂ ኦፓሉ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

የቴዎድሮስ ልጅ፣ ልጅ ዓለማየሁም፣ ያኔ የሰባት ዓመት ሕፃን ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ገና ባሕሩ ሳይደረስ መንገድ ላይ ሞቱ። እሱ በ1879 እ.ኤ.አ. በ18 ዓመቱ ያረፈው ሊድስ፣ ሔዲንግሊ ውስጥ ነው፤ ልጄ እንጀራ የምትገዛበት ሱቅ እዚያው ሰፈር ነው። የተቀበረው ዊንዘር፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አጠገብ ነው። ውስጥ ንግሥት ቪክቶሪያ ያስቀመጠችለት የነሐስ ሰሌዳ አለ፤ ልጄ መጨረሻውን ተረጎመችልን፦ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና»። ባለቤቴ ድምፅዋን ሳትቀንስ «እሱ መጥቶ በራቸውን አንኳኳ እንዴ?» አለች። ሰው ዞሮ አየን። አስከሬኑ ወደ አገሩ ይመለስ የሚለውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 እ.ኤ.አ. አልተቀበለውም፤ ምክንያቱ በአካባቢው ያረፉ ሌሎች ይረበሻሉ የሚል ነው።

ለንደን ሞተርሆም ይዞ መግባት ቅጣት መፈለግ ስለሆነ ዊንዘር አቁመነው በባቡር ሄድን። ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ከመቅደላ የተወሰደው የወርቅ አክሊል አለ። እኛ አንዲት ወረቀት ጎድላን ኬላ ላይ ስናድር የኖርን ሰዎች፣ ይህ ያለ ሰነድ ወጥቶ በመስታወት ውስጥ በክብር ተቀምጧል። ሙዚየሙ በ2018 እ.ኤ.አ. በረጅም ጊዜ ውሰት ልስጥ ብሎ ነበር፤ የራስን ዕቃ መዋስ ለእኔ አይገባኝም።

የልጅ ልጄ «አባባ፣ ይህን ወደ ደሴ ብትጭነው ስንት ታስከፍላለህ?» አለኝ።

«ነዳጅና የረዳት አበል ብቻ።»

አማቼ በጉዞው ሁሉ ያልሰማሁበትን ድምፅ አወጣ። «ደሴ ምን ሊሠራ? አክሊሉ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ተሠርቶ ለጎንደር ቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ነው ይባላል፤ ስለዚህ ጎንደር ነው የሚራገፈው!» መቅደላ ያለው ወሎ ነው አልኩት። ዊንዘር እስክንደርስ ባቡሩ ውስጥ ተከራከርን፤ ባለቤቴ ዋጋውን በኪሎ ሜትር አስልታ ጎንደር ከሆነ ጭማሪ አለው አለችው።