የአይጧ ቀንድ አራት ማታ ፈጀብኝ

ጨረስኩት! 101 ደቂቃ፣ ከሺህ በላይ መስመር፣ ሦስት ወር ገደማ። «ስክሩጅድ» የሚባለውን በፈረንጆች 1988 የወጣ ኮሜዲ የአማርኛ ሰብታይትል (ከሥር የሚነበብ ትርጉም) ሠርቼለት፣ የገና ዕለት ማታ ቤት አሳየሁት። የሠራሁት ለእናቴ ነው። እንግሊዝኛ አታውቅም። እኛ ስንስቅ «ምን አለ? ምን አለ?» ስትል ዓመታት አለፉ።

ላላያችሁት፦ ቻርልስ ዲከንስ በ1843 ያሳተመውን የገና ታሪክ ኒውዮርክ ወዳለ ቴሌቪዥን ጣቢያ ያመጣ ፊልም ነው። ቢል መሬይ ፍራንክ ክሮስ የሚባል ጨካኝና ቆንቋና አለቃ ነው። ያንኑ የዲከንስን ታሪክ በገና ዋዜማ በቀጥታ ለማስተላለፍ ሲራወጥ፣ መናፍስቱ እሱው ላይ ይመጡበታል። ያለፈው ገና መንፈስ የታክሲ ሹፌር ነው። የአሁኑ ገና መንፈስ ደግሞ ክንፍ ያላት ሴትዮ ናት፤ ፊቱን በቶስተር ታጮለዋለች።

አጀማመሬን ባጭሩ ልበል። የሠራሁት ሰብታይትል ኤዲት በሚባል ፕሮግራም ነው፤ ነፃ ነው፣ የድምፁን ሞገድ ከሥር ያሳያል፣ ሌላ አትፈልጉ። ፋይሉን የአማርኛን ፊደል በሚይዘው በዩቲኤፍ-8 ካላስቀመጣችሁት ፊደሉ ይበላሻል። የኛ ቲቪ እንደዛም አድርጌው እምቢ ስላለ፣ ጽሑፉን ቪዲዮው ላይ አትሜው ተገላገልኩ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ፕሮግራሙ በሰከንድ ስንት ፊደል እንደሚነበብ ይቆጥራል፤ ሲበዛ ቀይ ያበራል። ለአማርኛ አትመኑት። «አላስታወስኳችሁም» አሥር ፊደል ነው። እንግሊዝኛው ያንን ለማለት ከነክፍት ቦታው አሥራ ዘጠኝ ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ፕሮግራሙ «ሰላም ነው» ይላል፣ እናቴ ግማሹ ላይ ናት። እኔ ገደቡን በግማሽ ገደማ ቀነስኩት።

አሁን ወደ አይጧ።

ለቀጥታ ስርጭቱ አይጥ ራስ ላይ የአጋዘን ቀንድ መለጠፍ አለበት። ሠራተኛው ሙጫው አልያዘልኝም ብሎ ያማርራል። ፍራንክ ፊቱ ላይ ምንም ሳይታይ፣ በስቴፕለር ሞክሮ እንደሆነ ይጠይቀዋል። በቃ ይኸው ነው ቀልዱ። በእንግሊዝኛ ስቴፕለሩ የሚመጣው የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ነው። እኔ «በስቴፕለር ሞክረሃል?» ብዬ ጻፍኩ። ትርጉሙ ልክ ነው። ለእህቴ ሳሳያት ግን መሬይ አፉን ሳይከፍት ሳቀች። ሲናገር ጨርሳለች። ግሳችን መጨረሻ ላይ ይቀመጥና ቀልዱን ከፊት ያስቀድመዋል።

በመጀመሪያው ማታ ጽሑፉን ግማሽ ሰከንድ አዘገየሁት። ከንፈሩ ተዘግቶ ጽሑፍ መጣ። በሁለተኛው ለሁለት ከፈልኩት፤ «ሞክረሃል...» ከዛ «...በስቴፕለር?» ግጥም መሰለ። በሦስተኛው ተስፋ ቆርጬ ለማሽን ሰጠሁት። «ዋና ምግቦችን ሞክረሃል?» አለኝ። የእንግሊዝኛው ቃል፣ «ስቴፕልስ»፣ ሁለት ትርጉም አለው፣ እሱም ምግቡን መረጠ። ማሽን አስተርጉመው «አረምኩት» የሚሉ ልጆች አሉ። ቀልድ ላይ ባትነኩት ይሻላል። አርማችሁም አይድንም።

በአራተኛው ቀን እራት ላይ የማር ዕቃ ክዳን አልከፈት አለኝ። «በእጅ እምቢ አለ» አልኩ። እናቴ ቀና ሳትል «በቢላስ?» አለች።

ተነስቼ ወደ ኮምፒውተሩ ሄድኩ። «በስቴፕለርስ?» አንድ ቃል። ግስ የለ፣ ምን የለ። ያቺ «ስ» ሥራውን ሁሉ ሠራችው። አፉ ሲከፈት ይመጣል፣ ሲዘጋ ይሄዳል። ማሩን ሳልበላ ቀረሁ።

ከዛ በኋላ ሃይማኖት ሆነብኝ። ቀልድ ሲሆን ግስ ጣሉ እላለሁ፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉ የሚሉትን አልሰማም። ግን አልዋሻችሁም፣ አበዛሁት። ፍራንክና የድሮ ፍቅረኛው ክሌር የሚያወሩበትን የፍቅር ቦታ ሁሉ ግሱን አራግፌ ሳነበው እንደ ድሮ ዘመን ቴሌግራም ተቆራርጧል። መልሼ ጻፍኩት።

ያልፈታሁትም አለ። ርዕሱ በዲከንስ ቆንቋና ሰውዬ፣ በስክሩጅ ስም ላይ የተሠራ የቃላት ጨዋታ ስለሆነ አልነካሁትም። የፍራንክ ጸሐፊ ግሬስ አለቃዋን «እርስዎ» እያለች ትጀምራለች። ሰውዬው ሲለወጥ «አንተ» ትበለው? የት ላይ? እንግሊዝኛው አይነግርህም። እኔ እስከ መጨረሻው «እርስዎ» አደረግኩት፤ ከድፍረት ማጣት ነው። የተሻለ ያላችሁ ንገሩኝ።

የገናው ማታ ደረሰ። ዶሮው ተበልቶ ሁሉም ተቀመጠ። አይጧ መጣች። ትንፋሼን ያዝኩ። «በስቴፕለርስ?» እህቴ ልክ በሰዓቱ ሳቀች። እናቴ ግን «እንዴ! ምን በደለችው?» ብላ ተቆጣች። ጓዳ አይጥ ካየች በመጥረጊያ የምታሳድድ ሴት እኮ ናት!

መጨረሻው ላይ የግሬስ ልጅ አለ፣ ካልቪን። ፊልሙን ሙሉ ቃል አይተነፍስም። ከዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ይናገራል፦ እግዚአብሔር ሁላችንንም ይባርከን ይላል። ልጁ አፉን ሳይከፍት እናቴ «አሜን» አለች።

እዛች መስመር ላይ ሰዓቱን ማስተካከል ረስቼው ነበር።